የምትሐት በትርና የቤተ ሰብ ሽርሽር

ሰው ሠርቶ ሲደክም ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ልጅ ደግሞ ያለ ጨዋታ አያድግም። ይህን የሚክድ ስለሌለ ብዙ መናገር አያሻም። የሚያከራክረው፣ ጨዋታው በምን ዐይነት ዕቃ፣ በስንት ገንዘብና ከማን ጋር ይሁን የሚለው ነው። በዚህ ዓመት እኛ የበላይ ክፍል ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ደጋግመን የተከራከርንበት አንድ መጫወቻ አለ። እርሱም በአሜሪካ የመዝናኛ መናፈሻዎች ለጎብኚ ልጆች የሚሸጠው፣ በመስኮት ፊት ሲያወዛውዙት መብራት የሚያበራ፣ ውሃ የሚያስረጭ፣ አሻንጉሊት የሚያስጨፍር የምትሐት በትር ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «የአሜሪካ በትር ለሁርሶ ልጅ ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖር አጎት ወይም አክስት አላቸው። እነዚህ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መናፈሻ ሲሄዱ የተነሡትን ፎቶግራፍና የቀረጹትን ቪዲዮ ይልኩልናል። ታናናሾቻችንም ያንኑ በስልክ እያዩ «ለእኔም ይላክልኝ» ይላሉ። እንግዲህ ነገሩ ከደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ክርክራችን በሁለት ወገን የተከፈለ ነበር። አንደኛው ወገን «ለአንድ ቁራጭ በትር ይህን ያኽል ገንዘብ ማውጣት ዕብደት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ምነው ይህን የመሰለ ነገር በአገራችን በኖረ!» እያለ ይመኛል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት በትሩን ብቻ ነው እላለሁ። የዚህ ዕቃ ቁም ነገር ያለው በበትሩ ውስጥ አይደለም። ልጁ በትሩን ሲያነሣ ከወዲያ በኩል መልስ የሚሰጠው ስላለ ነው ደስ የሚለው። ይህን ከተረዳን፣ ወደ መናፈሻ የሚሄደው ቤተ ሰብ በትሩን እንዴት አድርጎ ቢጠቀምበት እንደሚበጅ፣ እኛም ሳንገዛው ምን ልንማርበት እንደምንችል ይገለጥልናል።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በዚህ ክፍል የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ፣ ሃሪ ፖተር ስለሚባል የአስማት ትምህርት ቤት ተማሪ የጻፈችው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997 ታተመ። መጽሐፉ በዓለም ሁሉ ከተነበበና በፊልምም ከታየ በኋላ፣ ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ ባለው መናፈሻው በታሪኩ ውስጥ ያለውን መንደር አስመስሎ ሠርቶ በ2010 ከፈተ። በ2014 ደግሞ ዳያጎን አሊ የተባለውን የአስማተኞች የገበያ መንገድ ሲከፍት፣ ለጎብኚዎች መልስ የሚያስገኘውን በትር ለሽያጭ አቀረበ። ነገሩ ግን ከዚያ በፊትም የታሰበ ነበር። ማጂክዌስት የተባለው፣ ልጆች በትር ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እየሄዱ የተደበቀ ነገር የሚፈልጉበት ጨዋታ በአሜሪካ በ2005 ተጀምሯል።

የኦርላንዶው በትር አሠራር እንዲህ ነው። በበትሩ ጫፍ ላይ ብርሃንን ወደ መጣበት የምትመልስ ትንሽ አንጸባራቂ ነገር አለች። ከሱቁ መስኮት በኩል ኢንፍራሬድ የሚባለው በዓይናችን የማይታየው ጨረር ይለቀቃል። ጨረሩ የበትሩን ጫፍ ነክቶ ሲመለስ እዚያው የተሰወረ ካሜራ ያየዋል። ልጁ እጁን ሲያንቀሳቅስ ካሜራው የጫፉን መንገድ ይከተላል። ኮምፒዩተሩም ይህን መንገድ አስቀድሞ ከተሰጠው ቅርጽ ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ከተስማሙ ሞተሩን፣ መብራቱን ወይም የውሃውን ቧንቧ ያንቀሳቅሳል። ልጁ ምን ዐይነት ቅርጽ መሣል እንዳለበት እንዲያውቅ በቆመበት መሬት ላይ ቅርጹ በነሐስ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከበትሩም ጋር ቦታዎቹን የሚያመለክት ካርታ ይሰጠዋል። በትሩን እንደ ጎራዴ የሚያወናጭፍ ልጅ ምንም አያገኝም። ክንዱን ሰብስቦ፣ በትንሹና በዝግታ የሚሥል ግን ያሻው ይሆንለታል።

ልብ በሉ! በ2014 በወጣው በትር ውስጥ ባትሪ እንኳ የለም። በማጂክዌስት በትር ውስጥ ባትሪ አለ፤ ጨረሩንም የሚልከው በትሩ ራሱ ነው። በ2025 በኦርላንዶ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው አዲስ መናፈሻ ሲከፈትም ጫፉ የሚበራና በእጅ ውስጥ የሚንዘር ሁለተኛ ዐይነት በትር ወጥቷል። ሆኖም በሁሉም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው። መስኮት ሳይኖር በትሩ ብቻውን ምንም አያደርግም።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎች የሚሉትን በቅን ልቡና እንመልከት።

የመጀመሪያው ነቀፌታ ስለ ገንዘብ ነው። ይህ ነቀፌታ እውነት አለበት። ወደ መናፈሻው ለመግባት ብቻ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ይከፈላል። አንዱ በትር ደግሞ ከ60 ዶላር በላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሚመነዘር፣ አንድ በትር ከ6,000 ብር በላይ ነው ማለት ነው። ሦስት ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ ለየልጁ አንድ አንድ ቢገዛ ከ18,000 ብር በላይ ይሆናል። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ዘመዳችን ባለጸጋ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሌሊት ሌሊት የሚሠራ፣ ከደመወዙም ቀንሶ ለአረጋዊት እናቱ መድኃኒት የሚልክ ሰው ነው። እኛ ከዚህ ሆነን ቪዲዮውን ስናይ የልጆቹን ሣቅ እንጂ የአባትየውን ሒሳብ አናይም። ስለዚህ «ላክልን» ከማለታችን በፊት ልናስብ ይገባናል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከሃይማኖተኞች ወላጆች የሚመጣ ነው። «ልጅን በጥንቆላ ማጫወት ምን ይጠቅማል? በትር አንሥቶ ቃል ሲናገር ነገር የሚታዘዝለት እየመሰለው ቢያድግስ?» ይላሉ። ለዚህ ሐሳብ ትልቅ አክብሮት አለኝ። በከተማችን ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም መስጊድ የሚሰግደውም በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ናቸው። ይሁን እንጂ እኔ የምፈራው በትሩን አይደለም። የምፈራው ልጁ ከመስኮቱ በስተ ኋላ ያለውን ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ መመለሱን ነው። አባቱ ወይም እናቱ በዚያው ቀን «ካሜራው የተሰወረው የት ይመስልሃል? ውሃውንስ ማን ለቀቀው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ ያን ጊዜ የሚማረው የጥንቆላ ተቃራኒ ነው። በአገራችን እስከ ዛሬ ድረስ በሬውን ሸጦ ለጠንቋይ የሚከፍል ሰው አለ። ይህ ሰው በልጅነቱ «ከመጋረጃው በስተ ኋላ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ኖሮ በሬው ባልተሸጠ ነበር። በአግባቡ የተመረመረ የሐሰት ምትሐት፣ እውነተኛ ነኝ ከሚለው ምትሐት ያድናል።

ሦስተኛው ነቀፌታ ስለ ጠብ ነው። ልጆች በትር ሲይዙ ይጣላሉ፤ በየመስኮቱ ሰልፍ አለ፤ አንዱ ሲሳካለት ሌላው ያለቅሳል፤ ወላጅም ለማረፍ መጥቶ ዳኛ ሆኖ ይውላል። «ለልጅ ከሣቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» ይባላል። ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጠቡ የሚመጣው ከበትሩ ሳይሆን ከአከፋፈሉ እንደ ሆነ ወደ በኋላ አስረዳለሁ።

ከዚህ በላይ የተናገርሁትን የሚያስረዳልኝ በቅርብ ያየሁት ነገር አለ። ባለፈው ክረምት በአሜሪካ የምትኖር አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ለታናናሾቼና ለጎረቤት ልጆች ከእነዚህ በትሮች አንዱን ይዛ መጣች። ሁርሶ ላይ ካሜራ የተሰወረበት መስኮት ስለሌለ በትሩ ምንም አላደረገም። ልጆቹ ወደ በሩ፣ ወደ ዛፉ፣ ወደ ፍየሏ እየዞሩ አወዛወዙት፤ የመለሰላቸው የለም። አያቴ አይታ «ከእጅ አይሻል ዶማ!» አለችና ሣቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዱ ልጅ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ በሲባጎ አሠረና ከአጥሩ በስተ ኋላ ተደበቀ። ሌላው በትሩን ሲያወዛውዝ ሲባጎውን ሳበው፤ ቆርቆሮውም ጮኸ። ትንሽ ቆይተው መሬት ላይ በከሰል ቅርጽ ሣሉ። ቅርጹን አስተካክሎ ላልሣለ ልጅ ቆርቆሮው አይጮኽለትም ተባለ። ሦስተኛዋ ልጅ ደግሞ ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ተደበቀችና ውሃ ትረጭ ጀመር።

በዚህ ጨዋታ ያስደነቀኝ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ የተጣሉት በትሩን ለመያዝ አልነበረም። «እኔ ልደበቅ! እኔ ልደበቅ!» እያሉ ነበር የሚጣሉት። መልስ የሚሰጠው ልጅ ከጠያቂው ይልቅ ደስታ ነበረው። በሚሊዮን በሚቈጠር ዶላር በተሠራው መንገድ ላይ የኮምፒዩተሩ ድርሻ የሆነው ሥራ፣ በሁርሶ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተሰጠው፤ እርሱም ከሁሉ የሚሻለውን ድርሻ እንዳገኘ ዐወቀ።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ በርጋታ ብናስብ እንደርስበታለን። የቡሄን በዓል እንውሰድ። ልጆች በትር ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። በትሩ የሚመታው መሬቱን ነው፤ የሚከፈተው ግን በር ነው። እመቤቲቱ ወጥታ ሙልሙል ትሰጣለች፤ ልጆቹም መርቀው ይሄዳሉ። በደጁ መሬቱን በትክክል ያልመታ፣ ከጓደኞቹም ጋር በአንድ ድምፅ ያልተቀበለ ጭፍራ ሙልሙሉን ቶሎ አያገኝም። እንግዲህ ይህ መልስ የሚያስገኝ በትር ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? ካሜራው የእመቤቲቱ ጆሮ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ልቧ ነው። በትሩን ልጁ ራሱ ከዛፍ ቈርጦ ስለሚልጠው ዋጋው ምንም ነው። ደግሞም በትሩ የሚሠራው በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት በር ሁሉ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በአርሲና በሌሎችም የኦሮሞ ጎሣዎች ዘንድ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አለ። ልጅቱ ስታገባ እናቷ ትሰጣታለች። ያገባች ሴት በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ የሰሙት ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ወደ እርሷ ይመጣሉ። በደለኛው ካሣ ሳይከፍልና ይቅርታ ሳይጠይቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ የገዳ ሥርዐት አንድ ክፍል ነው፤ ገዳም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ያ ቀጭን በትር ሰው ቢመቱበት የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም ነው። ኀይሉ ጩኸቱን ሰምተው የሚመጡት ሴቶች ናቸው። እነርሱ ባይመጡ ሲንቄም እንደ አክስቴ ስጦታ ዝም ያለ እንጨት በሆነ ነበር። ከጨዋታ ወደ ፍርድ መሄዴ ነገሩን ለማግዘፍ አይደለም፤ በጨዋታውም በፍርዱም ሕጉ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። «በአንድ እጅ አይጨበጨብም።»

እንግዲህ ዘመዶቻችን ወደነዚያ መናፈሻዎች ሲሄዱ ምን ቢያደርጉ ይበጃል? ይህ መጽሔት በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ እነርሱ እንደሚደርስ ስለማውቅ ሐሳቤን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ በትር ይበቃል። ለየልጁ አንድ አንድ በትር ሲገዛ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስኮት ይፈልጋል፤ ወንድሙ ሲሣካለት አያይም። በትሩ አንድ ሲሆን ግን አንዱ ሲሥል ሌላው ቅርጹን ከመሬቱ ላይ ያነብለታል፤ ሦስተኛው ካርታውን ይዞ ይመራል። ወረፋ መጠበቅም ትምህርት ነው። በዚህ ዐይነት ወጪውም ሲሦ ይሆናል፤ ጠቡም ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አባትና እናትም ተራ ይያዙ። በተላኩልን ቪዲዮዎች ሁሉ ወላጆች ከስልኩ በስተ ኋላ ቆመው ይቀርጻሉ እንጂ በትሩን ሲይዙ አላየሁም። ልጅ አባቱ ሲሳሳትና እንደገና ሲሞክር ማየት ያስፈልገዋል። አባቱ በትሩን አወናጭፎ መስኮቱ ዝም ሲለው፣ ልጁ «አባዬ፣ በዝግታ ነው» ብሎ ቢያስተምረው፣ ያ ቀን ከብዙ ፎቶግራፍ ይልቅ በልቡ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ በትሩን ዛሬ ገዝቶ ነገ አይጣል። አንድ ጊዜ የተገዛው በትር በሌላ ጊዜም ወደዚያው ሲሄዱ ስለሚያገለግል ሁለተኛ መግዛት አያስፈልግም። ለወዳጅ ማዋስም ይቻላል። የማይችል ቤተ ሰብ ደግሞ ባይገዛ አይፈር፤ ሌላው ልጅ ሲያደርገው አጠገቡ ቆሞ ማየት በነፃ ነው።

አራተኛ፣ ማታ ሲመለሱ አሠራሩን ይነጋገሩበት። ለዚህ ደግሞ ምንም የሚከፈል ነገር የለም።

እስከዚህ የተናገርሁት ለሚሄዱት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ፣ እዚህ ላለነው ነው።

በአገራችንም የቤተ ሰብ መናፈሻ እየተስፋፋ ነው። በአዲስ አበባ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የአንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመርቋል። በውስጡ ታላቁ የግብር አዳራሽ፣ ዙፋን ቤቱና ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ይገኛሉ። ወደዚያ የሄደ ልጅ መጽሐፍ ላይ ያነበበውን ታሪክ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። በዚህ ያለ ስፍራ «አትንኩ» መባሉ ትክክል ነው፤ ቅርስ በእጅ ብዛት ያልቃል፤ አንበሳም መጫወቻ አይደለም። ነገር ግን ልጅ በሄደበት ሁሉ «አትንኩ» ብቻ እየተባለ ቢያድግ፣ ዓለም የሚታይ እንጂ የሚሠራ አይመስለውም። ስለዚህ ከሚታየው አጠገብ የሚነካ፣ ሲነኩትም የሚመልስ ነገር ሊኖር ይገባል። የበትሩ ትምህርት ለእኛ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ስፍራ ለመሥራት ደግሞ ድሬዳዋን የሚያኽል የለም። በኦርላንዶው መናፈሻ አንድ የሚያስቀና ነገር አለ። ከአንደኛው መንደር ወደ ሌላው የሚወስድ ባቡር አላቸው። ለእርሱም ሲሉ በለንደን ያለውን የኪንግስ ክሮስን ጣቢያ አስመስለው ሠርተዋል፤ ሕዝቡም ከፍሎ ይሳፈርበታል። እነርሱ ልጆችን ለማስደሰት የአሮጌ ባቡር ጣቢያ አምሳያ ሠሩ፤ እኛ ግን እውነተኛው አለን። የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም ከእርሱ ጋር ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ አሮጌው ሐዲድም በእኛው በሁርሶ በኩል ያልፍ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አሮጌው መሥመር ሥራውን ለቆለታል። አሮጌው ጣቢያና የጥገና ወርክሾፑ ግን በድሬዳዋ መካከል እስከ ዛሬ አሉ።

እስቲ ይታያችሁ! በዚያ ግቢ ከተቀመጡት ዕቃዎች ጥቂቶቹ ለልጅ እጅ ቢፈቀዱ፤ አንዲት ልጅ ማንሻውን ስትስብ ሐዲዱ ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው ቢዞር፤ ገመዱን ስትጎትት ደወሉ ቢደወል፤ አጠገቧም በዚያ ወርክሾፕ ዕድሜውን የፈጸመ አንድ ጡረተኛ ቆሞ «ይህ የሚሆነው ስለዚህ ነው» ብሎ ቢያስረዳት! ለዚህ 60 ዶላር አያስፈልግም። ኮምፒዩተርም ባይኖር ይቻላል። የምድር ባቡሩ ጡረተኞች የሚያውቁት ነገር ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። የሚመለከታቸው ሹማምንት ይህን ሐሳብ የልጅ ሐሳብ ነው ብለው እንዳይንቁብኝ እለምናለሁ።

ይህ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ሥራው ከትምህርት ቤታችን ሊጀመር ይችላል። ጓደኞቼ አንድ ነገር ሞክሩ፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዛችሁ ጫፉን ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። በዓይናችሁ የማታዩት ብርሃን በብዙ ስልኮች ካሜራ ላይ ፈገግ ሲል ታዩታላችሁ። የኦርላንዶ መስኮት የሚሠራበት ጨረር ከዚሁ ወገን ነው። በፊዚክስ ክፍል ስለ ጨረር ተምረናል፤ ፈተናም ወስደንበታል። ታዲያ በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ቀን ሲደረግ ከመማሪያ ክፍሎቻችን የአንዱን መስኮት ብናዘጋጅና የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትን ብንጋብዝ ምን ይለናል? የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለን በሴንሰር እንሥራው። ያልደረስንበት ደግሞ እንደ ሁርሶ ልጆች በሲባጎና በቆርቆሮ እንሥራው። ከመስኮቱ በስተ ኋላ ተደብቀን መልስ የምንሰጠው እኛ እንሁን። ሕፃናቱ ተጫውተው ሲጨርሱም መጋረጃውን ገልጠን ሁሉን እናሳያቸው።

አንዳንድ ሰው «ተማሪ ለመልቀቂያ ፈተና ይዘጋጅ እንጂ ለሕፃናት መስኮት ምን አደከመው?» ይለኝ ይሆናል። የተማርነውን ለታናሽ ማስረዳት ካልቻልን ግን ተማርን ማለት አይቻልም። ደግሞም ከእኛ መካከል ነገ ወደ ኮሌጅ፣ ወደ ሥራ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አለ። ከሄድን በኋላ ታናናሾቻችን በስልክ የእኛን ሽርሽር እያዩ እንዲመኙ ብቻ ትተናቸው መሄድ አይገባንም።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ በትር አንሥቶ ወደ እናንተ ሲያወዛውዝ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ሥራ አለብኝ» አትበሉት። ለጥቂት ጊዜ ድንጋይ ሁኑለት፤ ወይም እንደ እንቁራሪት ዝለሉለት፤ ወይም እንቅልፍ ወስዷችሁ አንኮራፉለት። ይህን ልታደርጉ የምትችሉት አሁን ነው። ሲያድግ በትሩን አያነሣባችሁም፤ እናንተም ያን ጊዜ ብትዘሉ የሚስቅላችሁ አታገኙም።

መስኮት የሌለው በትር ዝም ይላል፤ በር የማይከፈትለት የቡሄ ጭፍራም ድምፁን ይዞ ይመለሳል። ለልጆቻችን በትር የሚልክላቸው ዘመድ ከተገኘ እሰየው። ባይገኝ ግን በትር በየዛፉ ሞልቷል። የሚጎድለው መልስ ሰጪ ነውና፣ መምህራንም ወላጆችም እኛም ተማሪዎች በዚህ እንበርታ።